ከመጨረሻው ወደ መነሻው፦ ሌቭ ፖንትርያጊንና የፓራሜትር ሴንሲቲቪቲ ጥያቄ

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ የሩሲያዊውን የሒሳብ ሊቅ የሌቭ ሴሚዮኖቪች ፖንትርያጊንን ታሪክ ነው። ስሙን በኮንትሮል ኮርስ ላይ ሁላችንም እንሰማለን፤ ሕይወቱን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። የተወለደው በ1908፣ ያረፈው ደግሞ በ1988 ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሰው የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ በአንድ ወንዝ ላይ በተከታታይ ያሉ ሦስት ግድቦችን በኮምፒውተር ሞዴል አድርጎ፣ በዓመቱ 52 ሳምንታት ከእያንዳንዱ ግድብ ምን ያህል ውኃ ቢለቀቅ እንደሚሻል መፈለግ ነው። ሦስት ግድብ በ52 ሳምንት ሲባዛ 156 መወሰን ያለባቸው ቁጥሮች ይሆናል። ኦፕቲማይዜሽኑን የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፦ ይህን ቁጥር ትንሽ ብነካው የመጨረሻው ውጤት በስንት ይለወጣል? የሚጠይቀው ስለ 156ቱም ነው፣ ያውም በየዙሩ። ሴንሲቲቪቲ የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው። መልሱን በርካሽ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ሳነብ፣ ንባቤ ዞሮ ዞሮ ያደረሰኝ ዓይኑ የማያይ አንድ ሰው በ1955 እንቅልፍ አጥቶ ወዳሳለፋቸው ሌሊቶች ነው።

ልጅነቱና እናቱ

ፖንትርያጊን የተወለደው ሴፕቴምበር 3 ቀን 1908 ሞስኮ ውስጥ ነው። አባቱ ሴሚዮን አኪሞቪች የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ደመወዙ ግን ቤቱን በደንብ የሚያኖር አልነበረም። እናቱ ታትያና አንድሬየቭና ልብስ እየሰፋች ኑሮውን ትደጉም ነበር። ልጁም ጥሩ ክፍያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ለመግባት አቅም ስላልነበራቸው ተራ ትምህርት ቤት ነው የገባው።

14 ዓመት ሲሆነው ቤት ውስጥ ፕሪመስ የሚባለው የላምባ ምድጃ ፈነዳበት። በፍንዳታው ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ጊዜው አብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ ካለፉ ብዙም ያልቆየበት፣ ጤነኛውም ሰው የዕለት ጉርሱን ለማግኘት የሚቸገርበት ዘመን ነበር። ማየት ለተሳነው የድሃ ልጅ በዚያ ሰዓት ተስፋ አለው ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም።

እናቱ ግን እጇን አልሰጠችም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? የልጇ ዓይን እሷ ሆነች። የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት አንድ በአንድ ታነብለት ጀመር። ልጁ ሒሳብ ሲወድ የሒሳብ መጻሕፍቱንም ማንበብ ያዘች። ችግሩ እሷ ሒሳብ አልተማረችም። ምልክቶቹን አይታቸው አታውቅም፣ ስማቸውንም አታውቅም። ስለዚህ የምታየውን ቅርጽ እንዳየችው ትነግረዋለች፦ የዚህ ምልክት ጭራው ወደ ታች ነው፣ የዚያኛው ወደ ላይ ነው፣ ይኼኛው ደግሞ ወደ ቀኝ ነው እያለች። የሁለት ስብስቦች የጋራ ክፍል፣ ውሁዱና ንዑስ ስብስብ በእናትና ልጅ መካከል በእነዚህ ስሞች ይታወቁ ነበር። በባዕድ ቋንቋ የተጻፉትን ሳይቀር አነበበችለት። እሱ የሚያስበውን በቃል ሲነግራት ቀመሮቹን በእጇ ትጽፋለች፤ የተጻፈውንም ታርማለች። ይህ ለአንድ ሴሚስተር የተደረገ አይደለም፤ ለረጅም ዓመታት የዘለቀ ሥራ ነው።

ታሪኩን ያነበበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደንቀው የልጁን ጭንቅላት ነው። ያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስለ ሴንሲቲቪቲ እያጠናን ከሆነ ሌላም ነገር ልናይ ይገባል። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያሉትን ምክንያቶች ሁሉ ዘርዝረን የትኛው ቢነካ መጨረሻው ከሁሉ በላይ ይለወጥ ነበር ብንል፣ በፖንትርያጊን ሕይወት መልሱ ግልጽ ነው። እሷ ናት።

ዩኒቨርሲቲና ቶፖሎጂ

በ1925 በ17 ዓመቱ የሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ተቀላቀለ። ማስታወሻ መያዝ ስለማይችል ሌክቸሩን እያዳመጠ ሰሌዳው ላይ ያለውን በጭንቅላቱ መሳል ነበረበት። ከዚያን ጊዜ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። አንድ መምህር ውስብስብ ሥዕል ሠርተው ሲያስረዱ፣ ሥዕሉ ላይ ስሕተት እንዳለ የነገራቸው ሥዕሉን ማየት የማይችለው ተማሪ ነበር ይባላል። ፊደላቱ የት የት እንደተቀመጡ ከንግግራቸው ተከታትሎ፣ ነገሩ እንደማይገጥም አወቀ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መንገዱን ያሳየው ፓቬል አሌክሳንድሮቭ የተባለው የቶፖሎጂ ሊቅ ነው። ፖንትርያጊን ገና ተማሪ ሳለ በቶፖሎጂ ውስጥ ዱዋሊቲ በሚባለው ርዕስ ላይ አዲስ ውጤት አገኘ። በ1929 ተመረቀ፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ በስቴክሎቭ የሒሳብ ኢንስቲትዩት የቶፖሎጂና የፋንክሽናል አናሊሲስ ክፍል ኃላፊ ሆነ። በ1938 የቶፖሎጂካል ግሩፖች መጽሐፉ ታተመ፤ በ1941ም የስታሊን ሽልማት አገኘበት። ዛሬ በሒሳብ ዲፓርትመንቶች የፖንትርያጊን ዱዋሊቲ የሚባለው የዚያን ዘመን ሥራው ነው።

የዱዋሊቲን ነገር በአጭሩ ላንሳ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ሐሳቡ አንድን ከባድ ነገር በቀጥታ ከመጋፈጥ ይልቅ፣ በነገሩ ላይ ሊደረጉ የሚችሉትን መለኪያዎች በሙሉ ሰብስቦ እነሱን ማጥናት ነው። የመለኪያዎቹ ዓለም አንዳንዴ ከነገሩ ይልቅ ቀላል ነው፤ እዚያ የተገኘው መልስ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ይተረጎማል። ቶፖሎጂና ግድብ ምን አገናኛቸው ለሚል ተማሪ፣ እንደ እኔ አስተያየት ድልድዩ ይኸው ነው።

ሲስተሙ ሲነካ ምን ይሆናል?

ፖንትርያጊን በንጹሕ ሒሳብ ታዋቂ ሆኖ ሳለ እንኳ ከተግባሩ ዓለም ጨርሶ አልራቀም። በጎርኪ ከተማ (የዛሬዋ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ) ይሠራ ከነበረው ከፊዚክስ ሊቁ ከአሌክሳንደር አንድሮኖቭ ጋር በ1937 አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። የጽሑፉ ርዕሰ ጉዳይ ጠጣር ሲስተሞች ወይም በኋላ ስትራክቸራል ስታቢሊቲ የተባለው ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ የአንድ ዳይናሚክ ሲስተም ቀመሮች በጥቂቱ ቢለወጡ የእንቅስቃሴው አጠቃላይ መልክ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም? ለምሳሌ ያለ ምንም ፍትጊያ የሚወዛወዝ ፔንዱለም እንውሰድ። ለዘላለም በአንድ መጠን ይወዛወዛል፤ በፌዝ ሥዕሉ ላይ የተዘጉ ክቦችን ይሠራል። የፈለገውን ያህል ትንሽ ፍትጊያ ጨምሩበት። ክቦቹ ይጠፉና ሁሉም ወደ መሐል የሚጠመዘዙ መስመሮች ይሆናሉ። ስለዚህ ያ ሞዴል ጠጣር አይደለም። እውነተኛው ዓለም ውስጥ ፓራሜትሮችን እስከ መጨረሻው ዲጂት ማወቅ ስለማንችል፣ በትንሽ ንክኪ መልኩን የሚቀይር ሞዴል ላይ ስንደገፍ መጠንቀቅ አለብን ማለት ነው።

ከ1952 ጀምሮ ፖንትርያጊን ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ተግባራዊ ሒሳብ አዞረ። በስቴክሎቭ ኢንስቲትዩት በኦስሊሌሽንና በኮንትሮል ላይ ሴሚናር ከፈተ፤ የተግባር ሰዎችም እየመጡ ችግራቸውን ያስረዱ ነበር። ከተማሪው ከሚሽቼንኮ ጋር ያጠኑት ሌላው ጉዳይም የፓራሜትር ጉዳይ ነው። ከዴሪቬቲቩ ፊት የሚባዛ በጣም ትንሽ ቁጥር ያለበትን ኢኩዌሽን አስቡ። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብላችሁ ዜሮ ብታደርጉት ዴሪቬቲቩ ራሱ ይጠፋል፤ ሲስተሙም ሌላ ሲስተም ይሆናል። ትንሽ ነውና ይተው የሚባል ነገር ሁልጊዜ አይሠራም።

ሁለቱ ኮሎኔሎችና ሦስቱ ሌሊቶች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የፖንትርያጊን ተማሪና ባልደረባ የነበረው ሬቫዝ ጋምክረሊድዜ ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፈው ትዝታ እንደሚተርከው፣ በ1955 ጸደይ ሁለት የአየር ኃይል ኮሎኔሎች ወደ ስቴክሎቭ ኢንስቲትዩት መጡ። ይዘውት የመጡት ችግር የአውሮፕላን እንቅስቃሴ ነበር፦ አምስት ስቴት ቫሪየብሎችና ሦስት መቆጣጠሪያዎች ያሉት ሲስተም በአነስተኛ ጊዜ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሁኔታ እንዴት ይድረስ?

ከኦይለርና ከላግራንዥ ዘመን ጀምሮ የነበረው የካልኩለስ ኦፍ ቫሪየሽን ዘዴ እዚህ ላይ ተቸገረ። ምክንያቱም መቆጣጠሪያዎቹ ገደብ አላቸው። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ አይገፋም፣ መሪውም ከተወሰነ አንግል በላይ አይዞርም። ምርጡ መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ገደቡ ላይ ነው። ዴሪቬቲቩን ዜሮ አድርጎ መፍታት የሚለው የለመድነው ዘዴ ገደብ ላይ አይሠራም።

ፖንትርያጊን እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ነበር። ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ በጭንቅላቱ ሒሳብ መሥራት ልማዱ ነው። ጋምክረሊድዜ እንደሚለው የመጀመሪያውን ወሳኝ እርምጃ የተራመደው በሦስት ተከታታይ ሌሊቶች ነው። እርምጃው ምን ነበር? ከዋናው ሲስተም ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ሲስተም ማቆም። ይኼኛው አድጆይንት ይባላል። ቫሪየብሎቹ በቁጥር ከስቴት ቫሪየብሎቹ እኩል ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን የተለየ ነው። ስቴቱ አሁን የት እንዳለን ይነግረናል፤ አድጆይንቱ ደግሞ አሁን ያለንበት ቦታ በጥቂቱ ቢለወጥ የመጨረሻው ውጤት በስንት እንደሚለወጥ ይነግረናል። ይህ ራሱ ሴንሲቲቪቲ ነው! አድጆይንቱ ከታወቀ በኋላ በየቅጽበቱ ምርጡ መቆጣጠሪያ ሃሚልቶኒያን የተባለውን መጠን ከሁሉ በላይ የሚያደርገው ነው። ማክሲመም ፕሪንሲፕል የሚባለው ይህ ነው።

ውጤቱ በ1956 በፖንትርያጊን፣ በቦልትያንስኪና በጋምክረሊድዜ ስም በአጭር ጽሑፍ ታተመ። ያን ጊዜ ግን ሙሉ ማረጋገጫ አልነበረውም። ለሊኒየር ሲስተም ጋምክረሊድዜ አረጋገጠው፤ ለአጠቃላዩ ጉዳይ ደግሞ ቦልትያንስኪ። በ1958 ኤደንብራ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ለዓለም ቀረበ። በ1961 አራቱ (ሚሽቼንኮን ጨምሮ) የኦፕቲማል ፕሮሰሶችን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1962 የሌኒን ሽልማት ተሰጣቸው። ስሙ በፖንትርያጊን ብቻ መጠራቱና የእያንዳንዱ ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው በኋላ ክርክር አስነስቷል። ስለዚህ ቴዎረሙን ስንጠራ ሦስቱንም ልጆች፣ ያኔ ወጣቶች የነበሩትን፣ ባንረሳቸው ጥሩ ነው።

በስኒ ቡና እንየው

ቀመር ሳንጽፍ በምሳሌ እንሞክረው። ቡና ተቀዳ እንበል። ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ ቡናው 80 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ከክፍሉ በ60 ዲግሪ ይበልጣል። በኒውተን የመቀዝቀዝ ሕግ መሠረት ብልጫው በየደቂቃው ከራሱ መጠን ጋር በተመጣጠነ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቋሚው 0.1 ነው እንበል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ብልጫው 22.07 ዲግሪ ይሆናል። ጥያቄያችን፦ ቋሚው ትንሽ ቢለወጥ ይህ 22.07 በስንት ይለወጣል?

የመጀመሪያው መንገድ ሁለት ጊዜ ማስላት ነው። ቋሚውን 0.11 አድርጎ እንደገና መሥራት። ውጤቱ 19.97 ነው፤ የ2.10 ዲግሪ ቅናሽ። ይህ ፋይናይት ዲፈረንስ ነው። ቀላል ነው ግን ፓራሜትር በጨመረ ቁጥር ድግግሞሹ ይጨምራል። ደግሞ ለውጡን ትልቅ ካደረግነው መልሱ ይዛባል፤ በጣም ትንሽ ካደረግነው ኮምፒውተሩ የሚይዛቸው 16 ያህል ዲጂቶች እርስ በርስ ተቀናንሰው ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ብዙዎች ከፓራሜትሩ መጠን የመቶ ሚሊዮንኛ ያህል እርምጃ የሚመርጡት።

ሁለተኛው መንገድ ፎርዋርድ ሴንሲቲቪቲ ነው። ዋናውን ኢኩዌሽን በፓራሜትሩ ዲፈረንሺየት አድርገን አዲስ ኢኩዌሽን እናገኛለን፤ ከዜሮ ተነስቶ ከዋናው ጋር አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። በ10ኛው ደቂቃ መልሱ 220.7 ሲሆን ምልክቱ ኔጌቲቭ ነው። ቋሚው በ0.01 ሲጨምር ብልጫው በ2.2 ይቀንሳል ማለት ነው። ከላይ ካገኘነው 2.10 ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ የመጣው ሴንሲቲቪቲ የሚነግረን ስለ ጥቃቅን ለውጥ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው መንገድ አድጆይንት ነው። ከመጨረሻው እንነሳ። በ10ኛው ደቂቃ አንድ ዲግሪ ቢጨመር ውጤቱ በአንድ ይጨምራል፤ ስለዚህ አድጆይንቱ እዚያ ላይ 1 ነው። ወደ ኋላ ስንመለስ እየቀነሰ ይሄዳል፤ መነሻው ላይ 0.368 ይሆናል። ትርጉሙ፦ ቡናው ሲቀዳ አንድ ዲግሪ ቢጨምር ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚተርፈን 0.368 ብቻ ነው። አሁን በየቅጽበቱ አድጆይንቱን ከሙቀት ብልጫው ጋር እናባዛ። መነሻው ላይ 60 በ0.368፣ መጨረሻው ላይ 22.07 በ1፤ ሁለቱም 22.07 ናቸው! መሐል ላይ ያለውም ያው ነው። ይህን ለ10 ደቂቃ ስንደምረው 220.7 እናገኛለን። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ተገናኙ።

ታዲያ መልሱ አንድ ከሆነ ምን ለውጥ አመጣ? ባንድ ፓራሜትር ምንም። በብዙ ፓራሜትር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንድ ወንዝ መጨረሻው ላይ ውኃው ቢደፈርስ ጭቃው ከየትኛው ገባር እንደመጣ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። ከእያንዳንዱ ምንጭ ተነስቶ እስከ ታች መውረድ፤ ወይም ከታች ተነስቶ አንድ ጊዜ ወደ ላይ እየወጡ በየመገናኛው መመልከት። ገባሮቹ ብዙ፣ የሚጠየቀው ቦታ ደግሞ አንድ ከሆነ፣ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል።

በኔ የግድቦች ሞዴል እንቁጠረው። በፋይናይት ዲፈረንስ 157 ጊዜ ሙሉውን ዓመት ማስኬድ ያስፈልጋል። በፎርዋርድ ሴንሲቲቪቲ ከ3ቱ ዋና ኢኩዌሽኖች ላይ 3 ጊዜ 156፣ ማለትም 468 ይጨመራሉ፤ በድምሩ 471። በአድጆይንት ግን 3ቱን ወደ ፊት፣ ሌሎች 3 ደግሞ ወደ ኋላ፤ ከዚያ 156 ድምሮች ብቻ። የሳምንታቱን ቁጥር አሥር እጥፍ ብናደርገው እንኳ ወደ ኋላ የሚሄዱት ኢኩዌሽኖች ያው 3 ናቸው። በዚያ ላይ አድጆይንቱ ራሱ ትርጉም አለው፦ በዚህ ሳምንት በዚህ ግድብ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሜትር ኪዩብ ውኃ ቢኖር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይናገራል።

ነጻ ምሳ ግን የለም። ወደ ኋላ ስንሄድ ስቴቱ በየጊዜው ምን እንደነበረ ማወቅ አለብን፤ ስለዚህ ጉዞውን በሙሉ ሜሞሪ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም የተወሰኑ ነጥቦችን ብቻ አስቀምጦ መሐሉን እንደገና ማስላት ይጠይቃል። የሚጠየቁት ውጤቶች ከፓራሜትሮቹ የሚበዙ ከሆነ ደግሞ ፎርዋርዱ ይሻላል። ግድቡ ሞልቶ ሲፈስ እንደሚሆነው ሲስተሙ በድንገት የሚቀየር ከሆነም፣ የመቀየሪያው ቅጽበት ለብቻው መታየት አለበት። አንድ ምክርም ልጨምር፦ የአድጆይንት ኮድ የጻፈ ተማሪ ሁለት ሦስት ፓራሜትሮችን መርጦ በፋይናይት ዲፈረንስ ያመሳክር። ቁጥሮቹ ካልተቀራረቡ ኦፕቲማይዜሽኑን ማስኬድ ጊዜ ማባከን ነው።

ከሱ በፊትና ከሱ በኋላ

እውነቱን ለመናገር የአድጆይንት ሐሳብ ከፖንትርያጊን ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። አሜሪካዊው ጊልበርት ብሊስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመድፍ ጥይት ርቀት በነፋስና በአየር እፍጋት ለውጥ እንዴት እንደሚዛባ ለማስላት አድጆይንት ሲስተም ተጠቅሟል። ላግራንዥማ ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ማልቲፕላየሮቹን ሰጥቶናል። የፖንትርያጊንና የጓደኞቹ ድርሻ ሐሳቡን ገደብ ባለው መቆጣጠሪያ ላይ እንዲሠራ አድርጎ የኦፕቲማል ኮንትሮል ምሰሶ ማድረጋቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው ብዙ ተጉዟል። የኬሚካል ኢንዱስትሪው፣ የአየር ትንበያው፣ የአውሮፕላን ክንፍ ንድፉ ይጠቀምበታል። በ2018 የወጣውና ኒውራል ኔትወርክን ከዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ጋር ያጣመረው ታዋቂ ጽሑፍም ግራዲየንቱን የሚያሰላው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ለምንጭነትም የፖንትርያጊንን መጽሐፍ ይጠቅሳል።

ለማስተማር የነበረውን ትጋትም ሳላነሳ አላልፍም። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሌክቸሮቹ ላይ ተመሥርቶ በ1961 የታተመው የኦርዲናሪ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን መማሪያው በ1975 የመንግሥት ሽልማት አግኝቷል። በሶቪየት ኅብረት የተማሩ አንድ መምህራችን ቅጂውን አሳይተውኝ ነበር። ደስ ያለኝ ነገር፣ ቴዎረሞቹ መሐል የዋት የእንፋሎት ሞተር መቆጣጠሪያና የቫክዩም ቲዩብ ኦስሊሌተር መኖራቸው ነው። በዋቱ መቆጣጠሪያ ላይ ፍትጊያ ከጠፋ ሞተሩ መረጋጋት እንደማይችል ይታያል፤ ማለትም አላስፈላጊ የመሰለን ፓራሜትር ነው ሁሉን ይዞ የቆመው። ሶሉሽኖች ከፓራሜትር ጋር እንዴት እንደሚለወጡም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ በማረጋገጫ ተቀምጧል።

የማይደበቀው ጎኑ

ታላቅ ሰው ሁሉ ያለ ነቀፋ አይደለም፤ ፖንትርያጊንም እንዲሁ። ከ1970 እስከ 1974 የዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፤ ከ1975 ጀምሮ ደግሞ የአንድ ትልቅ የሶቪየት የሒሳብ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት በሶቪየት ኅብረት ያሉ አይሁዳውያን የሒሳብ ሊቃውንት በዩኒቨርሲቲ ቅበላ፣ በሕትመትና በጉዞ አድልዎ ይደርስባቸው ነበር። ፖንትርያጊን የዚህ አድልዎ ተባባሪ ነው ተብሎ በአገር ውስጥም በውጭም ባሉ ባልደረቦቹ ተከሰሰ። እሱ ክሱን በጽሑፍ አስተባበለ። ክሱ ግን ከስሙ ጋር እስካሁን አለ፤ ብዙዎችም አሳማኝ ነው ይላሉ። ሌላ ሰው አንብቦለት፣ ሌላ ሰው ጽፎለት ለዚህ የበቃ ሰው ለሌሎች በር በመዝጋት መወቀሱ ያሳዝነኛል። ቴዎረሙን ስናደንቅ ይህንንም አብረን ልናውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በሌላ በኩል በ1980ዎቹ የሰሜንና የሳይቤሪያ ወንዞችን ወደ ደቡብ የማዞር ግዙፍ ዕቅድ ሲመጣ ከተቃወሙት አንዱ ነበር። ለዕቅዱ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የካስፒያን ባሕር ከፍታ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ትንበያ ነው። ፖንትርያጊንና ሌሎች የሒሳብ ሰዎች ትንበያው የተሠራበትን ስሌት መርምረው የማያስተማምን ነው አሉ። ባሕሩም ትንበያውን አልሰማም፤ ከ1978 ጀምሮ መጨመር ይዞ ነበር፤ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽም ከሁለት ሜትር በላይ ጨመረ። በብዙ ሳይንቲስቶችና ደራሲያን ተቃውሞ ዕቅዱ በኦገስት 1986 ቆመ። ጠጣር ባልሆነ ሞዴል ላይ ተደግፎ ወንዝ ማዞር ምን ማለት እንደሆነ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? በ1937 ከአንድሮኖቭ ጋር የጻፈው እኮ ስለዚሁ ነበር።

ፖንትርያጊን ሜይ 3 ቀን 1988 በ79 ዓመቱ ሞስኮ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረውም በኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሰው ሕይወት ለዲፓርትመንታችን ተማሪ የሚሆን አንድ ትልቅ ትምህርት አለ እላለሁ። ሲስተምን ሲሙሌት ማድረግ ሥራው ግማሽ ነው። ምን ይሆናል የሚለውን ማንኛውም ጥሩ ፕሮግራም ይመልሳል። የቱን ብነካ ምን ያህል ይለወጣል የሚለው ግን ውሳኔ የሚሰጥበት ጥያቄ ነው። ግድብ የሚያስተዳድር መሐንዲስ፣ መድኃኒት የሚመጥን ሐኪም፣ ወንዝ ላዙር የሚል መንግሥት፣ ሁሉም ይህን ጥያቄ መጠየቅ አለባቸው። ጥያቄው ውድ መስሎ ከታየን ከመነሻው ብቻ ስለምናየው ሊሆን ይችላል። ከመጨረሻው ተነስተን ወደ ኋላ ብንመለስ ዋጋው ይቀንሳል።

በሚቀጥለው ሴሚስተር የኦፕቲማል ኮንትሮል ኮርስ የምትወስዱ ተማሪዎች አድጆይንት ኢኩዌሽኑ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ዝም ብላችሁ አትሸምድዱት። የየትኛው ነገር ዋጋ እንደሆነ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን መለኪያ እንደሆነ ጠይቁ። የቡናውን ምሳሌ በወረቀት ሥሩትና ቁጥሮቹን ራሳችሁ አግኟቸው። ሥራው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ቡናውም ጨርሶ አይቀዘቅዝም።

መልካም የጥናት ጊዜ!